ከመጋዝ ቁራጭና ከባሌስትራ ቢላዋ መሥራት፦ ለጀማሪዎች

አንድ ቢላዋ ጥሩ የሚሆነው በሁለት ነገር ነው፤ ከምን ብረት እንደተሠራና እሳት ላይ ምን እንደተደረገለት። ቅርጹም፣ የእጀታው ውበትም፣ የገጹ መወልወልም ከእነዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው። አዲስ ብረት ከአስመጪ የሚገዛ ባለሙያ የብረቱን ዓይነትና የካርቦን መጠን ከነወረቀቱ ይረከባል። በትርፍ ጊዜያችን ከቆራሌው፣ ከጋራዥና ከእንጨት መሰንጠቂያ ቤት በለቀምነው ብረት የምንሠራ ሰዎች ግን እጃችን የገባው ነገር ምን እንደሆነ ራሳችን ፈትነን መለየት ይኖርብናል። አዲስ አበባ ውስጥ በግቢያችን ጥግ ባቆምኩት የከሰል ምድጃ የወጥ ቤት ቢላዋ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ሰዎች አብዝተው የሚጠይቁኝ ስለ ቅርጽና ስለ እጀታ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ሰፊውን ቦታ የምሰጠው እምብዛም ለማይጠየቁት ለብረቱና ለእሳቱ ነው።

ብረት ስለት እንዲይዝ በቂ ካርቦን ሊኖረው ይገባል። የካርቦን መጠኑ ከመቶ 0.5 እጅግ ያነሰ ብረት አግለን ዘይት ውስጥ ብንነክረውም ለቢላዋ የሚበቃ ጥንካሬ አያገኝም። ግንባታ ቦታ ሁሉ ወድቆ የሚገኘው ተራ ፌሮ፣ የበርና የመስኮት ብረት፣ ላሜራና ቱቦ ለቢላዋ የማይሆኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ መልካቸው ብረት ቢሆንም ስለታቸው በሁለት ቀን ሽንኩርት ይዶለዱማል። ከአሮጌ የዕቃ ማጠቢያ የሚወጣው የማይዝግ ብረትም በዚህ መንገድ አይጠነክርም። የሚሆኑት ሌሎች ናቸው። የመኪና ባሌስትራ፣ ማለትም ከመኪናው ሥር ተነባብሮ ጭነቱን የሚሸከመው ጠፍጣፋ ብረት፣ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 0.5 እስከ 0.6 ካርቦንና ጥቂት ክሮሚየም ያለበት ብረት ነው። የድሮ ጥሩ ሞረድ ከመቶ 1 የሚበልጥ ካርቦን ይኖረዋል፤ ርካሹ ግን አንዳንድ ጊዜ ጠንካራ የሚሆነው ላዩ ብቻ ስለሆነ ሲሞረድ ልቡ ለስላሳ ሆኖ ይገኛል። የእንጨት መሰንጠቂያ ቤቶች ጥርሱ አልቆ የሚጥሉት ረጅሙ የማሽን መጋዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኒኬል የተቀላቀለበት፣ ቢታጠፍም በቀላሉ የማይሰበር ብረት ነው። ኩሺኔታም ግሩም ብረት አለው፤ ነገር ግን ክቡን ቀጥቅጦ ለመዘርጋት የሚጠይቀው ጉልበትና ልምድ ለጀማሪ ስለሚከብድ ለኋላ ቢቆይ ይሻላል።

ለመጀመሪያው ቢላዋ የእኔ ምርጫ የመሰንጠቂያው መጋዝ ነው። ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይዘል ስለሆነ መቀጥቀጥ ሳያስፈልግ በሴጌቶና በሞረድ ብቻ ቅርጽ ይይዛል፤ ለሽንኩርት፣ ለጎመንና ለቲማቲም የሚሆን ስስ ቢላዋ ከዚህ የተሻለ አይገኝለትም። ጥርሱ ጫፍ ላይ ሌላ ጠንካራ ብረት የተለጠፈበትን ክብ መጋዝ ግን ተዉት፤ አካሉ ለስለት ታስቦ የተሠራ አይደለም። ባሌስትራ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ሥራ ይቆይ። ብዙ ጊዜ 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚወፍር ወይ በእሳት ቀጥቅጦ ማሳሳት፣ ወይ በግራይንደር ለረጅም ሰዓት መብላት ይጠይቃል፤ በምላሹ ሥጋ ለመበለትና አጥንት መገጣጠሚያ ለመፍታት የሚችል፣ ወፍራም ጀርባ ያለው ቢላዋ ይሰጣል።

ባሌስትራ አንድ የተሰወረ ችግር አለው። ለዓመታት ጭነት ተሸክሞ ሲለጠጥ ስለኖረ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል፤ ስንጥቁም ብረቱ ዘይት ውስጥ ሲነከር ተከፍቶ የብዙ ቀን ሥራ ያበላሻል። እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ይህ ነው፦ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አነሳና ብረቱን ነጭ ጋዝ ውስጥ አሳድራለሁ፤ ጠዋት በጨርቅ አጥብቄ አደርቀውና የተፈጨ ቾክ በስሱ እነሰንስበታለሁ። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ቀስ እያለ ወጥቶ ነጩ ቾክ ላይ ጥቁር ክር ይሥላል። ክሩ የታየበትን ቦታ ቆርጦ መጣል ነው። በተለይ ለብሎን የተበሳው የመካከሉ ቀዳዳ አካባቢ ብዙ ጊዜ የተጎዳ ስለሆነ ለቢላዋ የሚሆነውን ከጫፉ ወገን መቁረጥ ይሻላል።

ስለ ብረት ፈተና የማውቀውን ዋናውን ነገር ያገኘሁት መርካቶ ምናለሽ ተራ ከሚሠሩ አንድ አዛውንት ቀጥቃጭ ነው። ከመጋዝ የተቆረጠ ብረት ይዤ ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ይህ ቢላዋ ይወጣዋል?» ብዬ ስጠይቃቸው ብረቱን አገላብጠው እንኳ አላዩትም። «ልጄ፣ ብረት በዓይን አይታወቅም። ትንሽ ቁረጪና አግለሽ ንከሪው፤ ከዚያ ስበሪው። ሲሰበር ይነግርሻል» አሉኝ። ይህንኑ ነው ዛሬ ለሌሎች የምለው። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎችን የሚጠይቅ ሰው ጊዜያቸውን እንደሚወስድ አውቆ የሥራቸውን ዋጋ ሊከፍልና በአክብሮት ሊቀርባቸው ይገባል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጆች በሙያቸው እንዳይሰደቡ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ቢከለክሉም፣ ማረሻውንና ማጭዱን ለአገር ሲያቀርብ የኖረው ቀጥቃጭ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሚገባውን ክብር አላገኘም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ብረትን ያለ መለኪያ መሣሪያ የሚያነብ ዕውቀት ያለው እነሱ ዘንድ ነው።

ፈተናው እንዲህ ይሠራል። ከብረቱ የጣት ስፋት ያላቸው ጥቂት ቁራጮች ይቆረጣሉ። አንዱን ማግኔት መሳብ እስኪያቆም ድረስ አግሎ ጥቂት ካስጨመሩ በኋላ በሞቀ ዘይት መንከር ነው። ሲበርድ ጠርዙን በጥሩ ሞረድ መሞከር ያስፈልጋል፤ ሞረዱ ሳይነክስ እየተንሸራተተ ከሄደ ብረቱ ጠንክሯል፤ ከነከሰና ብናኝ ካወጣ ደግሞ ወይ ካርቦኑ አነስተኛ ነው፣ ወይ ሙቀቱ አልበቃም። ቀጥሎ ቁራጩ በሞርሳ ተይዞ፣ በጨርቅ ተሸፍኖና መነጽር ተደርጎ በመዶሻ ይመታል። ጠንካራው ሳይታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። አሁን የስብራቱን ፊት ወደ ብርሃን አዙሮ ማየት ነው። ድፍን ግራጫ፣ ደቃቅና ብርሃን የማይመልስ ከሆነ ሙቀቱ ልክ ነበር፤ እንደ ስኳር ቅንጣት የሚያብረቀርቅ ሻካራ ከሆነ ብረቱ ከልክ በላይ ግሏል፤ እንዲህ ያለው ቢላዋ ስለቱ ይሸረፋል። ከአንድ ብረት የተቆረጡ ቁራጮችን በተለያየ የፍም ቀለም እየነከሩ ስብራታቸውን ጎን ለጎን መደርደር ከማንኛውም ገለጻ በላይ ያስተምራል። አንዱ ቁራጭ ደቃቅ፣ አጠገቡ ያለው ሻካራ ሆኖ ሲታይ ሰው ከዚያ በኋላ እሳቱን የሚመለከተው በሌላ ዓይን ነው።

ምድጃው ብዙ ወጪ አያስፈልገውም። የእኔው ከጋራዥ የተጣለ የመኪና ፍሬን ታምቡር ነው፤ ውስጡን በሸክላ አፈርና በአመድ ለብጬ ከሥሩ የአየር ቱቦ አስገብቼበታለሁ፤ አየሩን የሚነፋው ደግሞ ሙቀት መስጠት ያቆመ የፀጉር ማድረቂያ ነው። ወናፍ ያለው ሰው ወናፉ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ በቆላ አገር የሚሠሩ ሰዎች የሚገልጹት የአየር መጠን እዚህ ስለማይበቃ አነፋፉን ጨምር አድርጎ ከሰሉንም በጥልቀት መከመር ያስፈልጋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልሰጥ ማለፍ አልችልም። የአየር ቱቦውም ሆነ እሳት ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ብረት ዚንክ የተለበጠ መሆን የለበትም። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፤ የሚወጣው ነጭ ጭስ ሲተነፈስ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚልና ትኩሳት ያለበት ሕመም ያመጣል። ክሮም የተቀባ ጌጠኛ ብረትም እንዲሁ ከእሳት ይራቅ። ሥራው ከቤት ውጭ፣ የጥጥ ልብስ ተለብሶ ይሁን፤ ናይለን ፍንጣሪ ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ብረቱ ከተመረጠ በኋላ ለመሞረድ እንዲለሰልስ ማድረግ ያስፈልጋል። ፍም እስኪመስል አግሎ በደረቅ አመድ የተሞላ ጣሳ ውስጥ ቀብሮ ማሳደር ይበቃል። በማግስቱ ሴጌቶው ይቆርጠዋል፣ ትራፓኖው ይበሳዋል። ስሱ የመጋዝ ብረት ግን ሲግል ሊጣመም ስለሚችል በሁለት ወፍራም ትኩስ ብረቶች መካከል ሆኖ አመድ ውስጥ ቢገባ ይመረጣል። ለመጀመሪያው ቢላዋ ስለቱ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ብረቱም እስከ እጀታው ጫፍ ወጥ ሆኖ የሚዘልቅ ቢሆን መልካም ነው፤ እጀታው ውስጥ ገብቶ የሚቆም ሹል ብረት ለመግጠም ይበልጥ ያስቸግራል። ቅርጹን በካርቶን ቆርጦ በእጅ ይዞ መሞከር፣ ከዚያ ብረቱ ላይ በምስማር መጫር ነው። የእጀታው ቀዳዳዎች አሁኑኑ መበሳት አለባቸው፤ ብረቱ ከጠነከረ በኋላ ትራፓኖ አይገባውም። ባሌስትራ የሚሠራ ሰው ወደ ስለቱ የሚሾሉትን ሁለት ገጾች በሞረድ ወይም በግራይንደር ያወጣል፤ ሆኖም ከመንከሩ በፊት ጠርዙ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይቅርበት። ከዚያ ያነሰ ጠርዝ ዘይት ሲነካው ይሞገዳል ወይም ይሰነጠቃል። የሞረዱን ጭረት ከስለቱ ወደ ጀርባው በሚሄድ መስመር አለመተውም ይጠቅማል፤ ጥልቅ ጭረት የስንጥቅ መነሻ ይሆናልና በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ።

አሁን ወደ እሳቱ እንመለስ። ከመንከሩ በፊት ብረቱን ሦስት ጊዜ አግሎ እያንዳንዱን ጊዜ በአየር ላይ ማብረድ፣ በየጊዜውም ሙቀቱን በጥቂቱ መቀነስ፣ በመቀጥቀጥና በመሞረድ የተጠራቀመውን ውጥረት ያወጣል። ከዚያ ለመንከር የሚመቸው ሰዓት ምሽት ነው፤ በፀሐይ ብርሃን የፍም ቀለም ደብዝዞ ስለሚታይ ሳይታወቅ ብረቱ ከልክ በላይ ይግላል። ሁለት ርካሽ መለኪያዎች አሉ። አንደኛው ከተበላሸ ስፒከር የሚወጣ ማግኔት ነው፤ ብረት በ770 ዲግሪ አካባቢ በማግኔት መሳብ ያቆማል። ይህ ግን መድረሻው አይደለም፤ የሚፈለገው ከ800 እስከ 830 ባለው መካከል ነው። ሁለተኛው መለኪያ የወጥ ቤት ጨው ነው። ንጹሕ ጨው በ801 ዲግሪ ስለሚቀልጥ፣ ማግኔት የማይስበውን ብረት ከእሳት አውጥቶ ጀርባው ላይ ጥቂት ቅንጣት ጣል ማድረግ ይቻላል፤ ጨው ደረቅ ሆኖ ከቀረ ሙቀቱ ገና ነው፣ ወዲያው ቀልጦ ከተሰራጨ ደርሷል። ማግኔቱንና ጨውን አንድ ላይ እየተጠቀሙ ዓይንን ማሠልጠን ይቻላል። ዓይን ሲለምድ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል፤ ብረቱ ቀይ ሆኖ ሲሞቅ ጥቁር ጥላ ከስሱ ጠርዝ ወደ ወፍራሙ ጀርባ ቀስ እያለ ይጓዛል። ጥላው አልፎ ብረቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቀለም ሲይዝ ለመንከር ዝግጁ ነው።

ለመንከሪያ የሱፍ ዘይት ወይም ሌላ የምግብ ዘይት ይበቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በነፃ ስለሚገኝ ብዙዎችን ያጓጓል፤ ጭሱ ግን ጎጂ ስለሆነ ወጥ ቤት ለሚገባ ቢላዋ ልንጠቀምበት አይገባም። ዘይቱ እስከ 50 ወይም 60 ዲግሪ ይሙቅ፤ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ፈጥኖ አይወስድም። መያዣው ረጅም የብረት ጣሳ ሆኖ በቅርብ የሚከደንበት ክዳን ሊኖረው ያስፈልጋል፤ ዘይቱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ክዳኑ ነው የሚያጠፋው፤ ውሃ ፈጽሞ አይፈስበትም። ብረቱን በጉጠት ይዞ ጫፉን ወደታች ቀጥ አድርጎ ማስገባትና በስለቱ አቅጣጫ ወደፊትና ወደኋላ ማንቀሳቀስ ነው። ወደ ጎን የተወዘወዘ ቢላዋ ይጣመማል። ከዘይቱ ሲወጣ ገና ትኩስ ሳለ ትንሽ ከተጣመመ በሁለት እንጨት መካከል ተጭኖ ይቃናል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ለማቅናት መሞከር መስበር ነው።

በዚህ ጊዜ ቢላዋው ከወለል ላይ ቢወድቅ ሊሰበር የሚችል ስለሆነ በዚያው ምሽት በመጠነኛ ሙቀት ተሰባሪነቱ እንዲቀንስ መለዘብ አለበት። የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ (ኦቨን) ያለው ሰው በ200 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት አቆይቶ አብርዶ እንደገና ለሁለት ሰዓት ይመልሰው። የቤት ምድጃ የሚያሳየው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ሙቀት ስለሚለይ የተለየ ቴርሞሜትር ውስጡ ማስቀመጥ ይገባል። ቴርሞሜትሩ ራሱ የሚታመን መሆኑን ለማወቅ የፈላ ውሃ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ እንጂ በ100 እንዳልሆነ ግን መርሳት የለብንም። እንዲህ ያለ መጋገሪያ የሌለው ሰው አሮጌ ምጣድ ላይ ደረቅ አሸዋ አልብሶ፣ ገጹ በብርጭቆ ወረቀት የጠራ ቢላዋ አሸዋው ላይ አስተኝቶ አክንባሎ ሊከድንበት ይችላል። እየከፈቱ ቀለሙን መመልከት ነው፤ ፈዛዛ የገለባ ቢጫ ሲይዝ 200 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል። ወደ ቡናማ ከሄደ ስለቱ ይለዝባል፣ ሰማያዊ ከሆነ ለወጥ ቤት ቢላዋ አልፏል። ለባሌስትራ ቢላዋ ቢጫው ትንሽ ቢደምቅ አጥንት ሲነካ እንዳይሸረፍ ይረዳዋል።

ከዚህ በኋላ በግራይንደር የሚሠራ ማንኛውም ሥራ ብረቱ ሙቀቱ እንዲታወቅ በባዶ እጅ ተይዞ፣ በየቅጽበቱ ውሃ ውስጥ እየተነከረ ይሁን። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ከታየ በዚያ ቦታ ጥንካሬው ሄዷል።

ለእጀታ ከተጣለ ነገር መካከል እኔ ከሁሉ የምወደው የተሰበረ ዘነዘና ነው። ከወይራ የተሠራ ዘነዘና ለዓመታት ስለደረቀ አይጣመምም፣ ክብደቱና ጥርትነቱም ለእጅ ይመቻል፤ ከአሮጌ አልጋ የሚወጣ ዋንዛም ቀላልና ውብ ነው። የበሬ ቀንድ የሚጠቀም ሰው ብናኙን እንዳይተነፍስ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ቀንዱም በደንብ ካልደረቀ በኋላ ተሸብሽቦ ከብረቱ ይለያል። በብረቱ ግራና ቀኝ የሚለጠፉት ሁለቱ የእንጨት ገበሮች ውስጣቸው ፍጹም ለጥ ያለ መሆኑ ተረጋግጦ በኢፖክሲ ኮላና በወፍራም የኤሌክትሪክ መዳብ ሽቦ ሪቬት ይያዛሉ። ሲጨረሱ የተልባ ዘይት በስሱ እየቀቡ በየመሃሉ ማድረቅ ነው፤ የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ተዋህዶ የሚጠነክር ስለሆነ እንጨቱን ከውሃ ይጠብቃል። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ግን ተጠቅልሎ አይጣል፤ በራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ ይድረቅ።

ስለቱን ለማውጣት መጀመሪያ ጠርዙን ግማሽ ሚሊ ሜትር እስኪሆን ማሳሳት፣ ከዚያ በእያንዳንዱ ወገን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለ ማዕዘን መሳል ነው። ደቃቅ መሳያ ድንጋይ የሌለው ሰው ሲኒ ይገልብጥ፤ ግርጌው ላይ ያለው ያልተለበጠ ሻካራ ቀለበት ስለትን በደንብ ያቃናል። በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ጥቂት ጊዜ ወደኋላ ሲጎተት ቢላዋው የዶሮ ብልት ለማውጣት ይበቃል።

ይህ ብረት ይዝጋል። ቲማቲምና ሎሚ ከቆረጠ በኋላ ወዲያው ካልታጠበ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁራል። ቀስ በቀስ የሚይዘው ግራጫ መልክ አይጎዳውም፣ እንዲያውም ከዝገት ይከላከልለታል፤ መፈግፈግ ያለበት ቀዩ ዝገት ነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ የምግብ ዘይት በጨርቅ ተነካክቶ ይቀመጥ። አፎት የሚሠራለት ሰው ቆዳው ሲለፋ የገባበት ጨውና እርጥበት ብረቱን ስለሚበላ አፎቱን ለመያዣ ብቻ ይጠቀምበት፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ግን ቢላዋው ከአፎቱ ወጥቶ በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይሁን።